ከአስታው በላይ

— ጋሼ፣ ቀኑን ቆርጬዋለሁ። የታኅሣሥ ሁለተኛው ቅዳሜ ነው። ሌሊት 11 ሰዓት ከመካነ ሰላም እንነሳለን፤ መኪናው እስከ ደንቆሮ ጫካ ጥግ ያደርሰናል፤ ከዚያ ወዲያ በእግር ነው። ወይራውንና ኮሶውን፣ ቀጥሎ አስታውን አልፈን ጓሳው ሜዳ ላይ ምሳ እንበላለን። ጀምበር ሳትጠልቅ ቤታችን ነን።

— ስንት ሆናችሁ?

— ሠላሳ ተማሪና ሦስት መምህራን።

— ብዙ ነው። እዚያ ሜዳ ላይ ይህን ያህል ሰው አንድ ላይ የሚወጣው ክፉ ነገር ሲመጣ ነው። በጉ ከሩቅ ሲያያችሁ ይበረግጋል፤ እረኛው የበተናችሁትን ሲሰበስብ ይመሽበታል። ለመሆኑ ምን ልታዩ ነው የምትወጡት?

— አገራችንን ነዋ! ልጆቹ የራስ ዳሸንን ከፍታ በቃላቸው ይነግሩዎታል፤ ከከተማቸው 16 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያለውን ፓርክ ግን አብዛኛዎቹ አያውቁትም። ቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ የተከለለው በ2001 ዓ.ም ነው። ቀይ ቀበሮ አለበት፤ ጭላዳ አለበት፤ ነብርና ድኩላ አለበት። ታችኛው ጫፉ 1,900 ሜትር ገደማ ነው፤ ላይኛው 3,700 ሜትር ይጠጋል። ወይና ደጋውን፣ ደጋውንና ውርጩን በአንድ ቀን ጉዞ ላስተምርበት የምችል ሌላ ቦታ የለኝም። እረኞቹንም እንዲያዩ እፈልጋለሁ።

— እረኞቹን እንዲያዩ።

— ክፉ ተናገርኩ?

— ክፉ አይደለም። ቀበሮውን፣ ጭላዳውን፣ ነብሩን ቆጥረሽ ስታበቂ እረኛውን መጨረሻ ላይ ደረብሽው፤ ለዚህ ነው ጆሮዬ ላይ የቀረው። እኔ እዚያ ላይ ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ አድጌበታለሁ። መጀመሪያ ግልገል፣ ከዚያ በግ፣ ጉልበት ሳወጣ ደግሞ ከብት። ያቆምኩት በ77 ነው። ሣሩ ከሥሩ ደርቆ ሜዳው አመድ መሰለ። አባቴ የመጨረሻዋን በግ በአንድ ቁና ገብስ ለወጣት፤ የምጠብቀው ነገር አልቀረኝም። ስለዚህ ሜዳው ሲነሳ እኔ ፊት የሚመጣው ቀበሮ አይደለም።

— ይህን ነው እኮ እንዲሰሙ የምፈልገው።

— መጀመሪያ ቀኑን እንይ። በታኅሣሥ እዚያ ላይ ማንን አገኛለሁ ብለሽ ነው?

— ሰማዩ የጠራበት ጊዜ ነው። ጭቃው ደርቋል፤ ጉም የለም፤ መንገዱ ይታያል።

— እሱ ሁሉ እውነት ነው። ግን ስሚኝ። ታች ያለው ማሳ አዝመራ በያዘ ጊዜ ለከብት ዝግ ነው። ክረምቱን በሙሉ መሬቱ ገብስና ስንዴ፣ ባቄላና ምስር ስለሚለብስ ከብቱም በጉም ወደ ላይ ይገፋል። አዝመራው ሲነሳ ማሳው ይከፈታል፤ ከብቱ ቃርሚያው ላይ ይለቀቃል። ታኅሣሥ ይህ ነው። ቃርሚያው ሲያልቅና ደረቁ ሲበረታ እንደገና ሽቅብ ነው። አንቺ የመረጥሽው ጊዜ እግረኛው የሚወጣበት፣ እረኛው የሚወርድበት ነው። ጥቂት በግ ታያላችሁ፤ ልጆቹም "እረኝነት ማለት ይህ ነው" ብለው ይመለሳሉ።

— በነሐሴ ይዣቸው ልውጣ?

— ነሐሴ አላልኩም። በነሐሴ ጉሙ ሲወርድ የዘረጋሽው እጅ አይታይሽም። እኛ ገሳ ለብሰን ድንጋይ ተገን አድርገን እንቀመጥ ነበር፤ በጉን በዓይን ሳይሆን በጆሮ ነበር የምንጠብቀው። የትኛዋ በግ እንደምታስል፣ የትኛዋ ግልገሏን እንደምትጠራ እንለያለን። ድምፅ ሲጎድል ተነስተን እንሮጣለን። መብረቁ ደግሞ ሌላ ነው። የሰው ልጅ ይዘሽ በነሐሴ አትወጪም።

— የካቲትስ?

— የካቲት ይሻላል። በጉ እላይ ነው፤ መሬቱም ደረቅ ነው። የበልግ ገብስ የሚዘራበት ጊዜ ስለሆነ ሰዉ ሥራ ላይ ነው፤ ቢሆንም ታገኙታላችሁ። ነፋሱ ግን ከንፈር ይሰነጥቃል።

— የካቲት ይሁን። ቁጥሩንም ወደ አሥራ ሁለት ላውርደው። የቀሩት በሚቀጥለው ይሄዳሉ።

— ጸጥታውስ?

— ወረዳውን፣ የፓርኩን ጽሕፈት ቤትና የላይኛውን ቀበሌ ሽማግሌዎች ሳንጠይቅ እግራችን አይነሳም። ከ2015 ዓ.ም ክረምት ወዲህ በክልላችን መንገድ መውጣት ምን እንደሆነ አንቱም እኔም እናውቃለን። ከሦስቱ አንዱ "ይቅር" ካለ ይቀራል።

— ዋዜማውን ማታ ደግመሽ ጠይቂ። ጠዋት የተባለው ማታ ይለወጣል። ስንቁስ?

— በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ሊትር ውኃ። ጋቢ ወይም ወፍራም ሹራብ። ልጆቹ 2,600 ሜትር ላይ ያደጉ ስለሆኑ ከፍታው እንደ ባሕር ዳርቻ ሰው አይከብዳቸውም፤ ያም ሆኖ 3,500 ሜትር ላይ የሚተነፈሰው አየር ከባሕር ጠለሉ ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው። ራሱን ያመመው ወይም ያጥወለወለው ልጅ ካለ እዚያው ቁጭ ብሎ አይጠብቅም፤ አንድ መምህር ይዞት ይወርዳል። የትም ብንደርስ 7 ሰዓት ላይ ፊታችንን እናዞራለን።

— ይህን ደህና አስበሽዋል። ፌስታሉንና የውኃ ዕቃውን ይዛችሁ ውረዱ፤ በግ ፌስታል ይበላል፤ ከበላ ደግሞ ይሞታል። እሱ ይብቃን። እኔን የሚያሰጋኝ ጉዞው መቅረቱ አይደለም። መሳካቱ ነው።

— መሳካቱ ምን ያመጣል?

— ዘንድሮ አሥራ ሁለት ልጅ። ለከርሞ የደሴ ሰው፣ ቀጥሎ የአዲስ አበባ፣ ቀጥሎ ፈረንጅ። ፈረንጁ በግ አገሩ ሞልቷል፤ የሚመጣው ለቀበሮውና ለጭላዳው ነው። ገንዘቡ በቀበሮው ስም ሲገባ አንድ ቀን አንዱ ባለሙያ ካርታ ይዘረጋና "በጉ የቀበሮውን መሬት እየጋጠ ነው" ይላል። ያኔ ውጣ የሚባለው ማን ነው? ስሜን ላይ ግጭ የምትባለው መንደር የት ደረሰች?

— የግጭን አውቃለሁ። በ2008 ዓ.ም ከ2 ሺህ በላይ ሰው ከፓርኩ ወጥቶ ደባርቅ አጠገብ ሰፈረ።

— በዓመቱስ?

— በ2009 ዓ.ም ዩኔስኮ የስሜንን ፓርክ በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ አወጣው።

— እንግዲህ አስቢው። ሃያ ዓመት ያህል "በአደጋ ላይ ነው" ሲባል የኖረ ተራራ፣ ሰዎቹ በወጡ በዓመቱ "ከአደጋ ወጣ" ተባለ። ያች መንደር ተራራው ላይ ስንት ዘመን ኖራ አደጋው እሷ ሆነች።

— ሌላም ምክንያት ነበረው፤ የዋልያው ቁጥር ነበረ፤ መንገዱ ነበረ። ደግሞ ጋሼ፣ ግጭ ላይ ሣሩ በእውነት አልቆ ነበር። ከሜዳው ሣር ይልቅ አፈሩ ይታይ ነበር። ለሰዎቹም ካሳ ተከፍሏል።

— ካሳ ቤት ይሠራል፤ ግጦሽ አይሆንም። በጉን ሸጦ ከተማ ዳር የተቀመጠ ሰው ገንዘቡ ሲያልቅ ምን ይጠብቃል? ሣሩ አላለቀም ግን አልልሽም። አልቋል። እኛም ጋ እያለቀ ነው። ለዚህም ነው የምፈራው፤ የሚከሱን ሰዎች ከእውነት ጋር ስለሚመጡ።

— እንግዲያው ስሜንን ብቻ አይዩ፤ መንዝ ጓሳን ይመልከቱ። ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ነው፤ ከፍታውም ሣሩም ከእኛው ጋር አንድ ነው። እዚያ ቀሮ የሚባል ሥርዓት 400 ዓመት ያህል ሣሩን ጠብቆታል። ሜዳው ሦስት ዓመትም አምስት ዓመትም ይዘጋል፤ በግ አይገባም፤ ማጭድ አይገባም። ሽማግሌዎቹ ደረሰ ሲሉ ይከፈታል። አንዱ ለቤቱ ክዳን ያጭዳል፤ አንዱ ለገመድ፤ ከብቱም ይገባል፤ ከዚያ ተመልሶ ይዘጋል። ቀይ ቀበሮው ዛሬ ድረስ እዚያ የተረፈው ባላገሩ ባወጣው ደንብ ነው። ማንም ከውጭ መጥቶ አላስተማራቸውም። ዛሬ የእንግዳ ማረፊያ አላቸው፤ የማኅበረሰቡ ነው።

— ቀሮን ሰምቻለሁ። ሙሉውን ግን ተናገሪ። የአስቦና የጌራ ዘር ያልሆነ ሰው ከዚያ ሣር ድርሻ ነበረው?

— አልነበረውም።

— የካቲት 25 ቀን 1967 የመሬት አዋጁ ሲታወጅ በሩ ተዘግቶበት የኖረው ሁሉ ገባ። ይግባ እንጂ፤ መብቱ ነበር። እናንተ ያማረ ጥበቃ የምትሉት ለአንዱ አጥር ነበር።

— ሲገባ ግን ሣሩ ተጎዳ። ሁሉም ያጭዳል፤ ሁሉም ያግጣል፤ የሚዘጋ የለም። ሰዎቹ ራሳቸው ናቸው ይህ አያዋጣም ብለው ኮሚቴ አቋቁመው አዲስ ደንብ ያወጡት። አዲሱ ደንብ ዘር አይጠይቅም። የድሮውን በደል ትተው የድሮውን ጥበብ አስቀሩ። ይህን ነው እኔ ለልጆቹ ማሳየት የምፈልገው፤ ሜዳ ዝም ብሎ ሜዳ እንዳልሆነ።

— እዚህ ላይ ልክ ነሽ። እኛም ጋ እኮ ያለ ደንብ አልነበረም። ለእርሻ በሬ ተብሎ የሚከለል ሣር ነበረ፤ የሚታረስበት ጊዜ እስኪደርስ ማንም አይነካውም። ጥሶ የገባ ይቀጣል። እረኝነቱም በተራ ነበር፤ ዛሬ የእኔ፣ ነገ የጎረቤት ልጅ። እስላሙ በበዓሉ ሲውል የክርስቲያኑ ልጅ ይጠብቅለታል፤ የክርስቲያኑ በዓል ሲሆን እንዲሁ። ሣሩን ያቆየው ይህ ነው። ግን መንዝና እኛ አንድ ነገር ይለየናል። እዚያ ደንቡ ከእንግዳው በፊት ነበረ። እዚህ እንግዳው ከደንቡ ቀድሞ ሊደርስ ነው።

— እንግዳው ደግሞ ደንብ እንዲወጣ ምክንያት ቢሆንስ? ጋሼ፣ እንግዳ ባይመጣም ሜዳው እንደነበረ አይቆይም። ማረሻው ዳገቱን እየወጣ ነው። በወሎ ደጋ ገብስ 3,500 ሜትር አልፎ ይዘራል። አስታው ለማገዶ እየተቆረጠ ነው። አስታው ካለቀ ኩበቱ ይነዳል፤ ኩበቱ ከነደደ ማሳው ይራባል፤ ማሳው ከተራበ ሌላ መሬት ሽቅብ ይታረሳል። በዚህ መካከል በጉን የሚያስወጣው ቀበሮ ወዳዱ አይደለም። ማንም ሳያየው፣ ማንም ሳይጠይቀው ነው የሚያልቀው።

— ይህ ከባድ ነው። ይህን ልመልስልሽ አልችልም።

— ሌላ አገርም ያየሁት አለ፤ በመጽሐፍ። በስሎቬንያ ቬሊካ ፕላኒና የሚባል ከፍተኛ ሜዳ አለ። እረኞቹ ሰኔ ላይ ከብታቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ መስከረም ላይ ይወርዳሉ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ ጀርመኖች ጎጆዎቻቸውን አቃጠሉባቸው፤ እነሱ እንደገና በድሮው መልክ ሠሯቸው። ዛሬ እንግዳው በተንጠልጣይ መኪና እየወጣ ከእረኞቹ እርጎ ገዝቶ ይጠጣል። ከብቱ አልወጣም፤ እረኛውም አልወጣም።

— እርጎውን የሚሸጠው ማን ነው?

— ባለ ጎጆው።

— ጎጆውስ የማን ነው?

— የራሱ።

— በቃ። በእኛ ሜዳ ላይ እረኛው ራሱ የሚሸጠው ምን አለ? የመግቢያውን ትኬት የሚቆርጠው እሱ አይደለም። መንገድ የሚመራው እሱ አይደለም። በጉን እንኳ አጅባር ወይም መካነ ሰላም ገበያ ነድቶ ነጋዴው ባለው ዋጋ ነው የሚሰጠው። መንገደኛው አልፎት ሲሄድ እጁን ያውለበልብለታል፤ ፎቶ ያነሳዋል። ፎቶውም ወዴት እንደሄደ አያውቅም።

— ባናው አለ። የበጉ ጠጉር አለ።

— ባናው... አዎ፣ ባናው አለ።

— ያን ይንገሩኝ።

— እናቴ ጠጉሩን አጥባ፣ አድርቃ፣ በደጋን ትነድፈዋለች። ደጋኑ ሲመታ ቤቱ በሙሉ ያስተጋባል፤ እኔ በዚያ ድምፅ ነው የተኛሁት። ከዚያ በእንዝርት ትፈትላለች። ሸማኔው ወንድ ነው፤ ፈትሉን ወስደን እንሰጠዋለን። የተሸመነው ባና ውርጭ አያስገባም፤ ዝናብም ቢሆን ቶሎ አያልፈውም። አንዱ ባና አባት ለብሶት ልጅ ይለብሰዋል። አሁን ልጆቹ ከገበያ የመጣ ጃኬት ነው የሚለብሱት። ቀላል ነው፤ አልፈርድባቸውም። ውርጭ ሲመጣ ግን እንደ ባናው አያሞቅም።

— አሥራ ሁለቱ ልጆች ይህን ደጋን ሲመታ ቢሰሙስ? አንዲት እናት ቤት ገብተው፣ ለጊዜዋ ተገቢውን ከፍለዋት፣ ጠጉሩ ፈትል ሲሆን ቢያዩ? ያ ገንዘብ ከእጃቸው ወደ እጇ ነው። ትኬት ቆራጭ በመካከል የለም።

— ይህ ከሜዳው ምሳ ይሻላል። ከልቤ ነው። ግን እሷም እንግዳ መቀበል የምትወድ ከሆነ ነው።

— የቀበሮውን ነገር ልጠይቅዎ። ቀይ ቀበሮ በግ ይወስድባችሁ ነበር?

— ግልገል የሚወስደው ሌላው ቀበሮ ነው፤ ትልቁን በግ ደግሞ ጅብ። ቀዩ የአይጥና የፍልፈል ነው። እኛ እንለየዋለን፤ አለመለየት ያለው ከታች የመጣ ሰው ጋ ነው። እንዲያውም ከብቱ መሀል ገብቶ፣ ላሟን ተገን አድርጎ ፍልፈል ሲያደባ ብዙ ቀን አይቼዋለሁ። ላሟም አትሸሸውም፤ እሱም አይነካትም።

— ያዩት ነገር በምርምር ተጽፏል! ባሌ ላይ በከብት መንጋ መካከል ሲያድን ታይቷል። መንዝ ጓሳ ላይ ደግሞ ተመራማሪዎች ቆጥረውታል፤ በ2007 ዓ.ም ነው የታተመው። ጭላዳዎቹ መካከል ገብቶ አይጥ ሲያድን ከመቶ 67 ጊዜ ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲሆን 25 ጊዜ። አንቱ ልጅ ሆነው ያዩትን እነሱ በቁጥር አወጡት።

— ተመልከቺ። ጠይቀውን ቢሆን ከአርባ ዓመት በፊት እንነግራቸው ነበር።

— እኔ የምለው ይህንን እኮ ነው!

— አንቺ የምትይውና የምታቅጂው ግን ይለያያሉ። ድሮ ንጉሥ አገሩ ምን እያሰበ እንደሆነ ማወቅ ሲፈልግ "እረኛ ምን አለ?" ብሎ ያስጠይቅ ነበር። እረኛን እዩልኝ አላለም። የሚያንጎራጉረውን ስሙልኝ ነው ያለው፤ ወዳጅ ያልነገረውን እረኛ ይነግረዋል ብሎ ስለሚያምን። አንቺ ያወጣሽው መርሐ ግብር ላይ 4 ሰዓት ጫካ፣ 6 ሰዓት ሜዳ፣ ምሳ፣ ፎቶ ነው ያለው። እረኛው የሚናገርበት ሰዓት የት አለ?

— የለም። አልጻፍኩትም።

— ውሻውንስ ጻፍሽው?

— ውሻውን ጽፌዋለሁ። ዱላ አንወረውርም፤ አንሮጥም፤ ከሩቅ ተጣርተን ባለቤቱ እስኪመጣ እንቆማለን። ትራፊ ምግብም አንጥልለትም። ውሻው ለቀበሮውም ያሰጋል። በመላ ኢትዮጵያ ያለው ጎልማሳ ቀይ ቀበሮ 500 አይሞላም። በ1996 ዓ.ም ባሌ ላይ በውሻ በኩል የገባ የእብደት በሽታ የዌብ ሸለቆን ቀበሮዎች አብዛኛዎቹን ፈጅቷል። እኛ ጋ ደግሞ ቀድሞውንም ጥቂት ናቸው፤ አንድ ያበደ ውሻ ዘራቸውን ሊያጠፋው ይችላል።

— ታዲያ ውሻህን እሰር ልትይው ነው? ጅብ ሲመጣ ማን ይጮህለታል?

— እሰር አልልም። አስከትብ ነው የምለው። ክትባቱ ውሻውንም ያድናል፤ ልጁንም ያድናል፤ ቀበሮውንም ያድናል። በእብድ ውሻ ተነክሶ ከመካነ ሰላም ደሴ ድረስ መርፌ ፍለጋ የሄደ ልጅ አያውቁም?

— አውቃለሁ። አንዱ ከእኛ ወገን ነው። ... ይህን ከቀበሮው ሳይሆን ከልጁ ጀምረሽ ብትነግሪው ይሰማሻል።

— እነግረዋለሁ። ጋሼ፣ አሁን ዋናውን ልንገርዎ፤ እስካሁን ያላነሳሁት። ከአሥራ ሁለቱ አንዱ ከላይኛው ቀበሌ የመጣ ልጅ ነው። ከተማ ቤት ተከራይቶ ነው የሚማረው፤ ዓርብ ዓርብ እየወጣ ስንቁን ይዞ ይመለሳል። አባቱ እዚያው ሜዳ ላይ በግ ያረባል። ልጁ ራሱ እስከ ስምንተኛ ክፍል እረኛ ነበር። ጉዞውን እንዲመራን ያሰብኩት እሱን ነው።

— አሥራ አንዱ የክፍል ጓደኞቹ ቆመው አባቱን እያዩት።

— እንደዚያ አላሰብኩትም።

— እኔ ግን እንደዚያ ነው የሚታየኝ። አባትየው በተቀደደ ጃኬት፣ በጎማ ጫማ፣ ከበጉ ኋላ። ልጆቹ ስልካቸውን አውጥተው። ልጁ የሚቆምበትን ያጣል፤ ወደ ጓደኞቹ ቢሄድ አባቱን ካደ፤ ወደ አባቱ ቢሄድ ጓደኞቹን። ለአንቺ ትምህርት ነው። እሱ ግን ዓመቱን ሙሉ ይዞት ይኖራል።

— ጋሼ፣ ይህ ልጅ አሁንም የሚቆምበት የለውም። ክፍል ውስጥ አንዱ ጥያቄ ሲሳሳት ሌላው "እረኛ!" ብሎ ይሰድበዋል። ስድቡ ይህ ነው። ልጁ አብሮ ይስቃል። አባትህ ምን ይሠራሉ ስለው "ነጋዴ ነው" አለኝ፤ እኔ ደግሞ አባቱን ገበያ ላይ በጉን ይዞ አግኝቼዋለሁ። ዝም ብዬ አለፍኩት። ስለ ወርኃ ዝናብ ሳስተምር ደመናው ከየት ሲመጣ በረዶ እንደሚሆን፣ ከየት ሲመጣ ዝናብ እንደሚሆን ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ እሱ ነው። አንድ ቀን ሊናገር እጁን አነሳና መልሶ አወረደው። ከየት አወቅከው እንዳይባል ነው። እኔ ወደዚያ ሜዳ የምወጣው ይህን እጅ ፈልጌ ነው። ከታች ሆኜ ብዙ ነገርኳቸው፤ እረኝነት ዕውቀት ነው፣ ክቡር ሥራ ነው አልኳቸው፤ ጻፉት፤ ለፈተናም አጠኑት። ስድቡ ግን አልቀረም። እዚያ ላይ፣ ጉም ሲወርድ፣ መንገዱን የሚያውቀው አንድ እሱ ብቻ ሲሆን ምን እንደሚሆን ማየት እፈልጋለሁ።

— ...

— ዝም አሉኝ።

— የራሴን እያሰብኩ ነው። እኔም ደሴ ስማር አባትህ ምንድን ነው ሲሉኝ "ገበሬ" እል ነበር። የበግ ነገር አላነሳም ነበር፤ በባና ጠረን እንዳያውቁኝ ጋቢ ተበድሬ ነበር የምለብሰው። አስተማሪዬ እንደ አንቺ ይዞኝ ቢወጣ... እወደው ነበር ወይስ እጠላው ነበር፣ አሁንም አላውቀውም። ሁለቱንም ይመስለኛል።

— እንተወው ይላሉ?

— ልጁን ጠይቀሽዋል?

— አልጠየቅሁትም። ድንገት ደስ እንዲለው ነበር ያሰብኩት።

— ድንገት የሚሆን ነገር አይደለም። ጠይቂው፤ ለብቻው፣ ማንም ሳይሰማ። አባቱንም ራሱ ይጠይቅ። አባትየው እሺ ካለ፣ የት እንደምትቀመጡ፣ በጉ በዚያ ቀን በየት በኩል እንደሚወጣ እሱ ይወስን፤ አንቺ ያወጣሽውን ሰዓት ትተሽ እሱ በሚያውቀው ሰዓት ሂዱ።

— እምቢ ካለስ?

— ያኔ ምን ታደርጊያለሽ? አንቺ ንገሪኝ።

— ጫካው ድረስ ሄደን፣ ኮሶና ወይራ አይተን፣ አስታው ሥር ምሳ በልተን እንመለሳለን። ከአስታው በላይ አንወጣም።

— ልጆቹ ይከፋቸዋል። ቀበሮ እናያለን ብለው ነው የሚመጡት።

— ይክፋቸው። ለምን እንዳልወጣን እነግራቸዋለሁ።

— ልጁ ፊት ነው የምትነግሪያቸው? "አባቱ ስላልፈቀደ" ብለሽ?

— አይ... እሱን አላሰብኩትም። እንዴት ብዬ እንደምነግራቸው አላውቅም።

— እኔም አላውቅም። እስከ የካቲት ጊዜ አለሽ።

— ዓርብ ስንቁን ሊያመጣ ይወጣል። ከዚያ በፊት እጠይቀዋለሁ።

— ከወጣማ አንድ ነገር ይዞልን ይምጣ። የውሻቸውን ስም። ከሩቅ በስሙ ስትጠሩት ጆሮውን ጥሎ ይቆማል።